ጫማው ስንት ነው? ፊልሞች የድሃ ልጅን ኑሮ እንዴት ያሳያሉ

በእኛ ፊልምና ድራማ ላይ ድሃ ልጅ ሲመጣ ገና ከሩቁ ያስታውቃል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል። ፊቱ አቧራ ተቀብቷል። ከኋላው ዋሽንት ያለቅሳል፣ ዝናብም አይጠፋም። ተመልካቹ ከንፈሩን ሲመጥ ይቆይና መጨረሻ ላይ ለልጁ ሀብታም አባት ይገኝለታል።

እስቲ ማለዳ ወደ አሞራ ገደል ውረዱ። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ሲጠጉ፣ ዓሣ ከሚያጸዱት እጆች ብዙዎቹ የልጆች ናቸው። አንዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ቆሮሶውን በጅራቱ ይይዝና ቅርፊቱን በቢላ ከጅራት ወደ ራስ ይፍቀዋል። ጎኑን አንዴ ይሰነጥቅና ሥጋውን ከአጥንቱ ላይ ያነሳዋል። ከዚያ ቆዳውን ይገፈዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እጁን አያየውም፤ ከጓደኛው ጋር ስለ ትናንቱ ጨዋታ ይከራከራል። የአርሰናል ማሊያ ለብሷል። ይስቃል። አጥንት የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች በእግሩ ገፋ ያደርጋል። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ታጥቦ ዩኒፎርሙን ይለብሳል። ይህን ልጅ ካሜራ ፊት አቁማችሁ «ድሃ ነው» ብትሉ የሚያምናችሁ ጥቂት ሰው ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የልጆች ድህነት አብዛኛው በዓይን አይታይም፤ ፊልም ደግሞ የሚታይ ነገር ካላገኘ መላ የለውም። የፊልም ሰዎች ይህን ሲታገሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኔ የማየው ልዩነት አንድ ነው። ደህና ፊልም የቤቱን ሒሳብ ያሳያችኋል፤ ሰነፍ ፊልም እንባውን ብቻ ያሳያችኋል። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ድህነቱ የቱ ጋ ነው?

በገንዘብ ብቻ ከለካነው ነገሩ ቀላል ይመስላል። የዓለም ባንክ በ2025 እ.ኤ.አ. የከፋ ድህነትን መስመር በሰው በቀን 3 ዶላር ላይ አድርጎታል። ይህ ባንክ ሄደን የምንመነዝረው ዶላር አይደለም፤ የየአገሩን የመግዛት አቅም አስተካክሎ የተሰላ ነው። ግን ይህ መለኪያ ቤተሰብን ነው የሚያየው። ልጅ ደመወዝ የለውም። ቤት ውስጥ ገንዘብ ኖሮም እሱ ጋ ላይደርስ ይችላል። ገንዘብ ደርሶትም ሰፈሩ ውስጥ ጤና ጣቢያ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ዩኒሴፍና የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት በሌላ መንገድ ሄደ። «ቤቱ ስንት ብር አለው?» የሚለውን ትቶ «ልጁ ምን ጎደለው?» ብሎ ጠየቀ። ምግብ፣ ጤና፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት፣ መረጃ እያለ ዘጠኝ ነገር ቆጠረ። ከዘጠኙ ሦስትና ከዚያ በላይ የጎደለበት ልጅ ድሃ ተባለ። ከ18 ዓመት በታች ካሉት ወደ 41 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ልጆች 36 ሚሊዮኑ፣ ማለትም 88 በመቶው፣ እዚህ ውስጥ ገቡ። በገጠር 94 በመቶ፣ በከተማ 42 በመቶ።

42 በመቶ ማለት የከተማ ልጆችን በአሥር በአሥር ብናሰልፍ ከእያንዳንዱ ሰልፍ አራት ልጅ ማለት ነው። ሁሉም ጎዳና ላይ የሚያድሩ አይደሉም። አብዛኞቹ ማታ ማታ ወደ ቤታቸው የሚገቡ፣ ጠዋት ቦርሳ የሚያነግቱ ናቸው።

አሁን ዝርዝሩን እንደ ካሜራማን አስቡት። ግድግዳና መጸዳጃ ይቀረጻል። ሌላውስ? የቀነጨረን ልጅ ብትቀርጹት ተመልካቹ ዕድሜው ትንሽ ይመስለዋል እንጂ ስምንት ዓመቱ ነው አይልም። አምስተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ ማንበብ ያቃተውን ልጅ ብትቀርጹት ደብተር የያዘ ጎበዝ ተማሪ ነው የሚመስለው። ሰነፉ የፊልም ሠሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ይቀደዋል።

አንድ ብስክሌት፣ አንድ ጥንድ ጫማ

ጎበዞቹ ያገኙት መላ አንድ ዕቃ መምረጥ ነው።

በ1948 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ከጦርነት ወጥታ ሥራ በጠፋበት ጊዜ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች»ን ሠራ። ታሪኩ በሁለት መስመር ያልቃል። ሮም ውስጥ አንድ አባት ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። ቀሪው ፊልም አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ብስክሌቱን ሲፈልጉ ነው።

አንድ ብስክሌት እንዴት ሙሉ ፊልም ይሆናል? ምክንያቱም ከብስክሌቱ በፊት ሒሳቡን አይተነዋል። ብስክሌቱ መያዣ ሆኖ ገንዘብ ተበድረውበታል። እሱን ለማስለቀቅ እናትየው የአልጋ አንሶላዎቿን ወስዳ ታስይዛለች። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ አንሶላዎቹን ይዞ ሲወጣ ካሜራው ቀና ይላል፤ እስከ ጣሪያ በተደረደረ መደርደሪያ ላይ የሌላ ሰው አንሶላ ሞልቷል። አንድ ቃል ሳይነገር የከተማው ሁሉ ኑሮ ታየ። ብሩኖም ብስክሌቱን ሲወለውል አንዲት የተሰረጎደች ቦታ ያገኝና መያዣ ቤት የነበሩትን ሰዎች ይረግማል። አንዲት ጭረት እንኳ የማታመልጠው ዕቃው የቤተሰቡ ጥሪት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

የድህነት ዋናው አሠራር ይኸው ነው። ደህና ኑሮ ያለው ቤት አንድ ነገር ቢጠፋበት ይናደዳል፣ ሌላ ይገዛል፣ ወሩ ያልፋል። ጥሪት የሌለው ቤት አንድ ነገር ሲጠፋበት ሌላው ተከትሎ ይናዳል። ሀዋሳ ላይ የባጃጅ ገቢ የሚያስገባ አባት ሁለት ሳምንት ቢታመም ምን እንደሚከተል የምታውቁት ነው። መጀመሪያ ዱቤ ይበዛል፣ ከዚያ እቁቡ ይቋረጣል፣ ከዚያ ኪራዩ ይወዘፋል፣ ከዚያ ትልቋ ልጅ «ለጊዜው» ከትምህርት ትቀራለች። የታመመው አባት ነው፤ ዋጋው ግን የሚወርደው ልጅቷ ላይ ነው።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም የተነደፈውም ለዚህ ዓይነቱ ቤት ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሀዋሳም አዳማም ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ሰዎች የአካባቢ ጽዳትና መሰል ሥራ ሠርተው ይከፈላቸዋል፤ ከዚያ የተወሰነውን እንዲቆጥቡ ይደረጋል። ዓላማው የመጀመሪያው ነገር ሲጠፋ ሁለተኛው እንዳይከተል መያዝ ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። አንድ ትዕይንት አለች። አባትየው በብስጭት ብሩኖን በጥፊ ይመታውና ጸጸት ይይዘዋል። ማስታረቂያ እንዲሆን ምግብ ቤት ያስገባዋል። አጠገባቸው የሀብታም ልጅ እያማረጠ ይበላል፤ ብሩኖ እየዞረ ያየዋል። አባትየው ብስክሌቱ ባይጠፋ ኖሮ በወር ስንት እንደሚያገኝ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ማስላት ይጀምራሉ። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የቤተሰብ አበል። ልጅ ወረቀት ላይ የአባቱን ኪሳራ ሲደምር ታያላችሁ። ዴ ሲካ እዚህ ጋ ዋሽንት አላስፈለገውም።

አባቱን ሆኖ የተወነው ሰው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አንድ የአሜሪካ ፕሮዲውሰር የሆሊውዱ ኮከብ ኬሪ ግራንት ከተወነበት ገንዘብ እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ ዴ ሲካ እምቢ አለ። ደግ አደረገ። ኬሪ ግራንት ብስክሌት ቢጠፋበት ማን ያዝናል?

የሁለተኛው ፊልም ዕቃ ጫማ ነው። የኢራኑ ማጂድ ማጂዲ በ1997 እ.ኤ.አ. «የሰማይ ልጆች»ን ሠራ። ዓሊ የእህቱን የዛህራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ ድንች ሊገዛ ግሮሰሪ ይገባል። ጫማውን በር ላይ ያስቀምጠዋል። ቆሻሻ ሰብሳቢው ሳያውቅ ይዞት ይሄዳል። በቃ፣ ፊልሙ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ ሁሉ ይረዳዋል፤ ፈረቃ ነው። ዛህራ ጠዋት፣ ዓሊ ከሰዓት ይማራሉ። ስለዚህ አንዱን የዓሊን ሸራ ጫማ ለሁለት ይካፈሉታል። ዛህራ ክፍል እንዳለቀ እየሮጠች ትመጣለች፤ ዓሊ ጠባብ መንገድ ውስጥ ይጠብቃታል፤ ጫማ ይቀያየራሉ፤ እሱም እየሮጠ ይሄዳል፤ ሁልጊዜም ያረፍዳል። ጫማው ለእሷ ይሰፋታል። አንድ ቀን ስትሮጥ ከእግሯ ወልቆ የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ይገባና ውኃው ይወስደዋል። በሕይወቴ ብዙ የመኪና ማሳደድ ፊልም አይቻለሁ፤ ልቤ ያችን ጫማ እንደተከተለው የተከተለው መኪና የለም።

ልጆቹ ለምን ለአባታቸው አይናገሩም? ማን ይናገር! እናት ታማለች፣ ኪራይ ተወዝፏል። ዓሊ ጫማው ጠፋ ካለ አባቱ ይቆጣል፣ ከዚያ ይበደራል። ልጁ ሒሳቡን ያውቀዋል። ድሃ ቤት ያደጉ ልጆች ከሁሉም በፊት የሚማሩት ወጪን መደበቅ ነው። ትምህርት ቤት መዋጮ ሲጠየቅ ቤት የማይናገር፣ «አስተማሪው አልፈልግም አለ» የሚል፣ ስንት ልጅ አለ መሰላችሁ።

በዚያው ፊልም ውስጥ አባትየው ለመስጊድ የተሰጠውን ስኳር እቤት ቁጭ ብሎ ይሰባብራል። ክምር ስኳር ፊቱ ነው። ዛህራ ሻይ ስታመጣለት ስኳር አምጪ ይላታል። ይሄ ሁሉ እያለ? ስትለው የመስጊድ አደራ ነው ይላታል። ድሃን ሌባ ወይም ቅዱስ አድርጎ ከመሳል ይልቅ አንድ ስኳር ይህን ያህል ተናገረች።

ልጁ የሚሠራው ለስንት ነው?

ሒሳብ የሚያሳዩ ፊልሞች ሌላም ባሕርይ አላቸው፤ የሚፈለገው ገንዘብ ልክ ይታወቃል። በሚራ ናይር «ሰላም ቦምቤይ» (1988 እ.ኤ.አ.) ውስጥ ክሪሽና የሚባለው ልጅ ያበላሸውን ብስክሌት ለመክፈል 500 ሩፒ ያስፈልገዋል። 500 ካላመጣ እናቱ ቤት አይመለስም። ቦምቤይ ገብቶ ሻይ ያመላልሳል፣ ያጠራቅማል። ያጠራቀመውን ደግሞ ጓደኛው ለሱስ ያጠፋበታል። ፊልሙን ስታዩ አእምሯችሁ ሳትፈልጉ መደመር ይጀምራል። ስንት ቀረው?

መንገድ ላይ የሚሠራ ልጅ ዋና ራስ ምታት ማግኘት ብቻ አይደለም፤ የት ያስቀምጠዋል? ኪሱ ውስጥ ካለ ማታ ትልልቆቹ ይወስዱበታል። ለዚህ ነው ሊስትሮዎቻችን የሚያምኑት ባለሱቅ ጋ የሚያስቀምጡት፣ እርስ በርሳቸውም እቁብ የሚጥሉት። ባንክ ውስጥ ሂሳብ ለመክፈት መታወቂያ ወይም ሞግዚት ያስፈልጋል።

የእኛው ያሬድ ዘለቀ በ«ላምብ» ይህን ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል። ፊልሙ በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ድርቅ እናቱን የነጠቀውን ኤፍሬምን አባቱ ዘመድ ጋ ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ናት፤ አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ነው። ኤፍሬም ምን ያደርጋል? ያለቅሳል ብላችሁ ስትጠብቁ ሳምቡሳ ይሠራል። ማብሰል ይችላልና ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ የሚሰበስበው የአውቶቡስ ሒሳብ ነው። አጎቱ «ወንድ ልጅ ምን ማጀት አስገባው» እያለ ይቆጣል። ይህ ልጅ ተጠቂ ብቻ አይደለም። ዕቅድ አለው።

እዚህ ላይ ሕጉን ልጥቀስ፤ ብዙ ሰው ያደናግረዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጓል። ከ15 እስከ 18 ያሉት መሥራት ይችላሉ፤ በቀን ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ አደገኛ ሥራም ክልክል ነው። ከ15 በታች ጭራሽ መቀጠር የለበትም። ግን አዋጁ የሚያየው አሠሪና ሠራተኛን ነው። ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ አሠሪው ማነው? ዓሣ አጥማጁ? ገዢው? ሳምቡሳ የሚሸጠውስ? ሕጉ የሚደርስባቸው ፋብሪካና ድርጅት ናቸው፤ ልጆቹ ያሉት ሌላ ቦታ ነው።

በአንጻሩ «ስላምዶግ ሚሊየነር»ን ውሰዱ። በ2009 እ.ኤ.አ. 8 ኦስካር ወስዷል። ያዝናናል፣ አልክድም፤ ሙዚቃውም ይነዝራል። ግን ልጁ ከድህነት የሚወጣው በቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ነው። የሕይወቱ መከራ ሁሉ በአጋጣሚ የጥያቄ መልስ ሆኖ ይገኛል። እኛ ፊልም ላይ የሚገኘው ሀብታም አባት ማለት ነው፣ በተሻለ ካሜራ።

እንቁላሉ

ድሃ ልጅ ሁልጊዜ የዋህ መሆን አለበት? ሉዊስ ቡኑኤል አይደለም አለ። በ1950 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የሠራው «የተረሱት» ውስጥ ልጆቹ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይደበድባሉ፣ እግር የሌለውን ሰው ይዘርፋሉ። ሜክሲኮ ተቆጣች፤ አገራችንን አዋረደ ተባለ። ፊልሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሲኒማ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ካን ላይ በምርጥ አዘጋጅነት ሲሸለም ያው ሕዝብ ተመልሶ አየው። በኋላ ዩኔስኮ «የዓለም ትውስታ» መዝገብ ውስጥ አስገባው። በህንዱ ፊልም ሠሪ በሳትያጂት ራይ ላይም የአገሩ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር «ድህነታችንን ለፈረንጅ ይሸጣል» የሚል ክስ ተነስቶበታል። የእኛም ሰው ይህን ክስ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

«የተረሱት» ውስጥ ፔድሮ የተባለው ልጅ የእርማት እርሻ ውስጥ ሳለ ተናዶ እንቁላል ይወረውራል። የሚወረውረው ወደ ካሜራው ነው። እንቁላሉ መስታወቱ ላይ ፈርጦ ይንጠባጠባል። ምን ታያለህ? ማለቱ ይሆናል። ፊልም ሠሪዎች ሁሉ ይህችን ትዕይንት በዓመት አንዴ ቢያዩ ጥሩ ነበር።

ራሄል

ሀበሻ ተመልካች ሊያልፈው የማይገባ ፊልም ቢኖር የናዲን ላባኪ «ቅፍርናሆም» ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል። ቤይሩት ውስጥ ዘይን የተባለ ልጅ «ለምን ወለዳችሁኝ» ብሎ ወላጆቹን ይከሳል። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም፤ ልደቱ አልተመዘገበም። ሐኪም አፉን ከፍቶ ጥርሱን አይቶ ወደ 12 ዓመት ይሆነዋል ይላል።

ዘይን ከቤት ሲጠፋ የምታስጠጋው ራሄል የምትባል ኢትዮጵያዊት ናት። ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ቤት ሠራተኛ ሆና ሄዳ፣ ወረቀቷ ተበላሽቶ፣ ዮናስ የተባለ ሕፃኗን ደብቃ የምታሳድግ። ወረቀት ካላሠራች ትባረራለች፤ ለሐሰተኛው ወረቀት የሚጠየቀውን ዶላር ከየት ታምጣ? ደላላው ሌላ አማራጭ አለው፤ ሕፃኑን ስጪኝ ይላታል። አንድ ቀን ትታሰራለች። ዘይን ከሕፃኑ ጋር ብቻውን ይቀራል። ወተት ሲያልቅ በረዶ ላይ ስኳር ነስንሶ ያጠባዋል።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር የሆነ አይምሰላችሁ። ልደቱ ያልተመዘገበ ልጅ ሕግ ፊት ዕድሜ የለውም። ለሥራ ደርሷል፣ አልደረሰም፣ ለጋብቻ ደርሳለች፣ አልደረሰችም የሚለው ሁሉ የሰው ቃል ይሆናል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረውም በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። የልደት ካርድ ለማውጣት ቀበሌ የሚሰለፍ ወላጅ ምን እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ ይህን ፊልም ማየት ይበቃል።

ራሄልን ሆና የተወነችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ፊልሙ እየተሠራ ሳለ በወረቀት ምክንያት በእውኑ ታስራለች።

ያው ሥዕል፣ ሌላ መልዕክት

የተራበ ልጅ ሥዕል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከኢትዮጵያ በላይ ምስክር የለም። በ1973 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። ሥዕሉ እርዳታ አመጣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ግን ቆራርጦ በመሃሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ አስገባበት። የሚሞት ልጅ፣ ከዚያ ኬክ፤ የእናት ለቅሶ፣ ከዚያ ድግስ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

ልጆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው አጠገባቸው የተቀጠለው ነው። እንግሊዝ አገር «እርዱ» ያለው ሥዕል አዲስ አበባ ላይ «ፍረዱ» አለ። ፊልም ስታዩ ከልጁ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ልብ በሉ። ልጁን ካዩ በኋላ ወዲያው የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከመጣ ነገሩ ግልጽ ነው።

ዛሬ ካሜራው በየኪሳችን ነው። ቲክቶክ ላይ አንዱ ሊስትሮ ፊት ቆሞ ጫማ ሲገዛለት፣ ልጁ ሲያለቅስ፣ ሙዚቃው ከፍ ሲል ታያላችሁ። ጫማው ጥሩ ነው። ግን ልጁ ነገ ክፍል ሲገባ ጓደኞቹ ሁሉ አይተውታል። ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ ሥራ ሲያመለክትም ቪዲዮው አለ። መስጠት የፈለገ ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቢሰጥ ጫማው ያንኑ ቁጥር ነው።

ለተዋናዩ ልጅስ?

ሒሳብ ካልን የፊልሙንም ሒሳብ እንጠይቅ። በ1921 እ.ኤ.አ. ቻርሊ ቻፕሊን «ልጁ»ን ሠራ። ቻፕሊን ራሱ ለንደን ውስጥ በልጅነቱ የድሆች ማደሪያ ገብቶ ያደገ ነው፤ የሚያወራውን ያውቃል። ከእሱ ጋር የተወነው ጃኪ ኩጋን የዓለም ኮከብ ሆነ፣ ሚሊዮኖች አገኘ። አድጎ ገንዘቤን ሲል እናቱና እንጀራ አባቱ አጥፍተውታል። ከሰሳቸው፤ ያገኘው ከቀረው ጥቂቱን ነው። በዚህ ምክንያት ካሊፎርኒያ በ1939 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች። ዛሬ በስሙ በሚጠራው ሕግ ከልጁ ክፍያ 15 በመቶው ለእሱ በተዘጋ ሂሳብ ይቀመጥለታል።

ኩጋን ዕድለኛው ነው። በብራዚሉ «ፒሾት» ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ፌርናንዶ ራሞስ ዳ ሲልቫ ከድሃ ሰፈር የተመለመለ ነበር። ዓለም አጨበጨበለት፣ ከዚያ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። በ1987 እ.ኤ.አ. በ19 ዓመቱ ፖሊስ ገደለው። የ«ሰላም ቦምቤይ»ው ልጅ የአገሪቱን ሽልማት ወስዶ በኋላ ባለሦስት እግር ታክሲ ሲነዳ ኖረ። በዚያ ፊልም ሰበብ ግን ለጎዳና ልጆች የሚሠራ ድርጅት ተቋቁሟል፤ እስካሁን አለ። «ቅፍርናሆም» ላይ የተወነው ሶሪያዊ ስደተኛ ልጅ ደግሞ ከነቤተሰቡ ኖርዌይ ሄዶ ትምህርት ቤት ገብቷል።

ሀዋሳ ላይ አጭር ፊልም የምትሠሩ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሰፈር ልጅ ካስገባችሁ ክፍያውን ከመቅረጻችሁ በፊት ከወላጁ ጋር ተነጋገሩ፤ የቀረጻውን ሰዓት በፈረቃው አስተካክሉ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ለልጁ መጀመሪያ አሳዩት። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ካሜራው ያልገባበት ቤት

የጠራኋቸውን ልጆች መለስ ብላችሁ ቁጠሩ። ብሩኖ፣ ዓሊ፣ ክሪሽና፣ ኤፍሬም፣ ፔድሮ፣ ዘይን። ዛህራ ባትኖር ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ምክንያቱ የወንድ ልጅ ድህነት ደጅ መዋሉ ነው፤ መንገድ ላይ ለካሜራ ይመቻል። የሴት ልጅ ድህነት ግን እቤት ውስጥ ነው።

ሀዋሳ ውስጥ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር መጥተው ሰው ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶች አሉ። ከፊሎቹ ሠራተኛ እንኳ አይባሉም። «የአክስቴ ልጅ ናት፣ ላስተምራት አምጥቻት ነው» ይባላል። ከነጋ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ልብስ ታጥባለች። ንጹሕ ቤት ውስጥ ትኖራለች፣ ትበላለች። በዘጠኙ መለኪያ ስትለካ ቤቱም ውኃውም መጸዳጃውም ይሟላላታል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የሥራ አዋጅም የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ ቁጥሩም ሕጉም ካሜራውም በአጠገቧ ያልፋሉ።

ይህችን ልጅ የሚቀርጽ ሰው አንድ ማጀት ይበቃዋል። የሚጠይቃቸው ጥያቄዎችም ተዘጋጅተዋል። ደመወዟ ስንት ነው፣ ለእሷ ነው የሚሰጠው ወይስ ለፍቼ ጫምባላላ ሰሞን ለሚመጣው አባቷ? ደላላው ከመጀመሪያው ወር ስንት ወሰደ? ሳህን ሲሰበር ከምን ይቆረጣል? ማታ ትምህርት ተመዝግባ ከሆነ ደግሞ፣ ትምህርቱ የሚጀመረው እራት በሚሠራበት ሰዓት ነው።